በሰው አገር ሐኪም ፍለጋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)




ጥቅምት ከገባ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በይርጋ ጨፌ ዙሪያ ያለው ሕዝብ እምብዛም እንቅልፍ የለውም። እሸቱ ቡና ቀን ይለቀማል፤ ማታ ይፈለፈላል። የተለቀመው ቀይ ፍሬ ሳይፈለፈል ማደር የለበትም፤ ያደረ እንደሆነ ይብላላና ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ከይርጋ ጨፌ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በኢዲዶም ሆነ በአካባቢዋ ባሉት መንደሮች የመፈልፈያው ሞተር ሲያጓራ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሞተሩ ወይም መፈልፈያው የተበላሸ እንደሆነ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው አንዳንድ ጊዜ ከዲላ፣ አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎም ማሽኑ ከተሠራበት አገር ይመጣል። ማሽኑ ሲቆም ለማን እንደሚደወል የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። የመጣው ባለሙያ ራሱ በሌሊት ትኩሳት ይዞት ቢንቀጠቀጥ ግን ወዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው፣ የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ ወደ ጌዴኦ የመጣም ሆነ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ወደ ሰው አገር የሄደ፣ ሐኪም የሚያገኘው በምን መንገድ ነው? ጉዳዩ ለሐኪሞች ማኅበር እንጂ ለመሐንዲሶች ማኅበር ምን አገባው የሚል አባል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ መንገዱን፣ ግድቡን፣ የመብራቱን መስመርና የቡናውን ጣቢያ ለመሥራት ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ወደማያውቀው አገር የሚልከው የመሐንዲሱ ሙያ ስለሆነ፣ ነገሩ ከማንም ይልቅ የሚቀርበው ለዚህ ስብሰባ ነው።

በኢዲዶና በዲላ መንገደኛ የሚበዛበት ምክንያት ቡና ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በሐገረ ማርያም አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና አገሪቱን ከኬንያ ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ የውጭ ተቋራጮች በተለያየ ዘመን ሠርተውበታል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተበት ጊዜ ወዲህ እያደገ የመጣ ተቋም ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ የተቀጠሩ መምህራንን አስተናግዷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ በተፈናቀለ ጊዜም የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትን ጨምሮ ብዙ የርዳታ ሠራተኞች ወደ ዞኑ ገብተዋል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ የትክል ድንጋዮቹንና የእንሰትና ቡናውን ጥምር እርሻ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ከዚህ ወዲያ እየበዛ መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

በየዓመቱ የሚደጋገመውን ነገር በአንድ ሰው ላይ እንደ ደረሰ አድርጎ መተረክ ስለሚቀል፣ አንድ የውጭ አገር የማሽን ባለሙያ በኅዳር ወር ኢዲዶ ላይ ታመመ ይባል። ከሥራው በስተቀር ስለ አካባቢው ብዙ የማያውቅ፣ አምስት የአማርኛ ቃላት የያዘ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሌሊቱን ብርድ ብርድ ሲለው አድሮ ጧት ራሱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር በአገሩ የለመደውን ነው። ስልኩን አንሥቶ ቀጠሮ የሚሰጠው ሐኪም ይፈልጋል።

እንግዳው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። በእሱ አገር ቀጠሮ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ሐኪሙን ለማየት ቀን ይያዛል፤ ቀኑ ሲደርስ ይኬዳል። በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ጤና ተቋማት ግን ቀጠሮ የሚመጣው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ነው። «ቀጠሮ አለኝ» የሚል ሰው ከዚህ በፊት ታይቶ ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። አዲስ በሽተኛ ጧት ይመጣል፤ ካርድ ያወጣል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ይታያል። ስልክ የሚያነሣ ሰው ባለመኖሩ ሐኪም የለም ብሎ የደመደመ እንግዳ፣ በዚያው ሰዓት 20 ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ካርድ ክፍሉ ተከፍቶ ሰው በመስተናገድ ላይ መሆኑን አያውቅም። ይህን የሚነግረው ሾፌሩ፣ የሆቴሉ ባለቤት ወይም የጣቢያው ዘበኛ ነው። በዚህ አገር ሐኪም የሚገኘው ሰው በሰው ነው። የትኛው ሐኪም ለልብ፣ የትኛው ለሕፃናት እንደሚሻል፣ ስፔሻሊስቱ ከሰዓት በኋላ በየትኛው የግል ክሊኒክ እንደሚገባ፣ የላቦራቶሪው መሣሪያ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ካርድ ክፍሉም የራሱ ወግ አለው። ጸሐፊው ስም ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የአባት ስም፣ ቀጥሎ የአያት ስም፣ ከዚያም ዕድሜና ቀበሌ። የውጭ አገሩ ሰው አያቱ እዚህ ምን እንደሚፈለጉ ስለማይገባው ግራ ይጋባል። የቤተሰቡን ስም ሰጥቶ ዝም የሚልም አለ። መዝገቡ ግን የሚያውቀው የራስን ስም በመጀመሪያ አድርጎ ነው። በሳምንቱ ተመልሶ በቤተሰቡ ስም ካርዱን ቢጠይቅ አይገኝም፤ ሌላ ካርድ ይወጣለታል፤ የመጀመሪያው የደም ውጤትም በመጀመሪያው ካርድ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል። ካርድ ሲወጣ የተጻፈውን ስም አንብቦ፣ የካርዱን ቁጥር በኪስ ማስታወሻ ላይ መገልበጥ ከብዙ ችግር ያድናል። ቁጥሩን የያዘ ሰው ስሙ እንዴት እንደ ተጻፈ መጨነቅ አያስፈልገውም።

ሰዓቱና ቀኑም እንዲሁ ናቸው። «ነገ በ2 ሰዓት ይምጡ» የተባለ እንግዳ ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ የተባለው ግን ገና ጧት ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በእሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ሲመጣ የጧቱ ተራ አልቋል። ኅዳር 14 ቀን ተመለስ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈለት ደግሞ ኅዳርን በኖቬምበር ተርጉሞ በ14ኛው ቀን ከች ይላል፤ የተቀጠረው ግን በእሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ስለመጣ ይመለሳል። የተበሳጨ እንደሆነም ሁለተኛ አይመጣም፤ ያቋረጠው መድኃኒት ግን የሚያቋርጠው በሽታ ላይሆን ይችላል።

ባለሙያው ወደ ይርጋ ጨፌ ከመሄዱ በፊት ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል። «ወደ አዲስ አበባ ውሰዱኝ» ይላል። በዋና ከተማው ትልልቅ ሆስፒታሎች እንዳሉ ሰምቷል፤ የመድን ድርጅቱም ስልክ የሚሠራው እዚያ ይመስለዋል። ከይርጋ ጨፌ አዲስ አበባ 4 መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጥሩ፣ ሾፌሩም የሠለጠነ ቢሆን ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ነው። እንግዲህ የዚህ ንግግር ዋና ነጥብ ያለው በዚህ ውሳኔ ላይ ስለሆነ ነገሩን ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ያነበበው የጉዞ መጽሐፍ ወባ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ እምብዛም አይገኝም ይላል። ይህ በጠቅላላው እውነት ነው። ኢዲዶ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነች፤ ብርዷ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ሰውየው ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ብሎ ደምድሞ ፓራሲታሞል ውጦ መንገድ ሊጀምር ነው። የጌዴኦ ዞን ግን ከቡሌ ደጋ ጀምሮ ወደ አባያ ሐይቅ እስከሚወርደው ቆላ ድረስ በአጭር ርቀት ውስጥ ከፍታው በብዙ የሚለዋወጥ አገር ነው። የዲላ ከተማ ራሷ ከ1,600 ሜትር በታች ትገኛለች። ትንኟ የነከሰችው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን አይታመምም፤ በብዛት የሚታመመው ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጥያቄ «አሁን የት ነው ያሉት?» የሚለው ሳይሆን «የዛሬ ሁለት ሳምንት የት አደሩ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው በይርጋ ጨፌ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወይም በቅርቡ ባለ ጤና ጣቢያ የተቀመጠው የአገሩ ባለሙያ ነው። ምናልባትም ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን ይሆናል። ሾፌሩ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል፤ በሕዝቡ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነውና። እንግዳው ጉዳዩን ተረድቶ «ይህ ሰው ዶክተር አይደለም፤ እውነተኛውን ሐኪም አምጡልኝ» ቢል ራሱን ይጎዳል። የጤና መኮንን ሙያ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ ነው። ዓላማውም ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ተላላፊ በሽታን የሚያውቅና የሚያክም ሰው ማፍራት ነበር። በቀን ብዙ ትኩሳት የሚያይ የይርጋ ጨፌ ጤና መኮንን፣ ወባን በመጽሐፍ ብቻ ከሚያውቅ የትልቅ ከተማ ስፔሻሊስት ይልቅ ቶሎ ይጠረጥራል።

ሰውየው ከ12 ቀን በፊት በአባያ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት ማደሩ ትዝ ይለዋል። ከጣቱ ጠብታ ደም ይወሰዳል። በፈጣን መመርመሪያው ውጤቱን ለማወቅ ከ20 ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልግም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው፣ ብዙ ሰው ኮአርተም እያለ የሚጠራው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ቢቻል ከወተት ጋር። በአራተኛው ቀን ከመፈልፈያው አጠገብ ቢቆም አይደንቅም።

ያልታከመ የዚህ ዓይነት ወባ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አንጎል ሊወጣ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲንገላታ የዋለ፣ ማታ አዲስ አበባ ገብቶ «ዛሬስ ደክሞኛል፣ ነገ እታያለሁ» ብሎ ሆቴል ያደረ በሽተኛ፣ በይርጋ ጨፌ በ20 ደቂቃ የሚገኘውን ውጤት የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ርቆ የሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ሁልጊዜ ቅርብ ካለው ትንሽ ተቋም የሚሻል የሚመስላቸው ሰዎች ለበሽታው የሚሰጡትን ሰዓት አያሰሉም።

ይህ ሲባል ወደ ላይ መሄድ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት ሦስት እርከን አለው። በታችኛው እርከን ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በመካከለኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በላይኛው የስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 1 መቶ ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ግን ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ለሆነ። ስብራት ያለበት፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ወይም ራሱን የሳተ በሽተኛ ከይርጋ ጨፌ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ዲላ ከይርጋ ጨፌ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል፣ ዲላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው፤ በሽተኛው የክልል ወሰን ይሻገራል ማለት ነው። የሪፈር ወረቀቱ ከእጁ መለየት የለበትም። ያለ ሪፈር የደረሰ ሰው ድንገተኛ ካልሆነ በቀር እንደ አዲስ ከካርድ ክፍል ይጀምራል፤ የተሰጠው መድኃኒትም በምን ሰዓት እንደ ተሰጠ የሚያውቅ አይኖርም።

ለመሆኑ በዚህ አገር እንግዳ የሆነው ማነው? ታሪኩ ወደ ኋላ ሲታይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ሲጀመር እንግዳው ሐኪሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እንኳ ወደ አገራቸው የተመለሱት እንደ እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አማርኛ አያውቁም ነበር። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ኢትዮጵያዊውን በሽተኛ «የት ላይ ያምሃል?» ብሎ ለመጠየቅ አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። በደቡቡ ክፍልም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የመጣው የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ከዲላ በስተሰሜን ባለችው በይርጋ ዓለም ለረጅም ዘመን ሐኪሞችን አሠማርቷል። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ሐኪም ለማየት ወደዚያ ይጓዝ በነበረበት ጊዜ በጠረጴዛው በአንድ በኩል የተቀመጠው ኖርዌጂያዊ፣ በሌላው በኩል የቆመው የአገሩ ሰው፣ በመካከላቸው ደግሞ አስተርጓሚ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ዞሯል፤ አስተርጓሚው ግን ዛሬም ከቦታው አልተነሣም።

ስለ አስተርጓሚው አንድ ነገር መባል አለበት። በአብዛኛው አስተርጓሚ የሚሆነው ሾፌሩ ነው። ሾፌር ጎበዝ ሰው ነው፤ ግን የሥራ ባልደረባ ነው። የውጭ አገሩ ሰው በሾፌሩ ፊት የሽንቱን ነገር፣ ከዚህ በፊት የወሰደውን የአእምሮ መድኃኒት ወይም የመጠጥ ልማዱን አይናገርም። ሴት ባለሙያ ስትሆን ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ዲላ የዩኒቨርሲቲ ከተማ እንደመሆኗ፣ በማስተማሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ሐኪም አይጠፋም፤ ሾፌሩን «አመሰግናለሁ፣ ውጭ ጠብቀኝ» ማለት ነውር አይደለም። ችግሩ ያለው ሐኪሙ ከነርሷ ጋር በአማርኛ፣ ነርሷ ከጠያቂው ጋር በጌዴኦኛ ሲነጋገሩ፣ በሽተኛው የራሱን ነገር እየተደበቀ የሚወራ ሲመስለው ነው። «ምን አሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ መልስም ያገኛል።

የሕመም ቋንቋ ደግሞ ከአገር አገር አይገጥምም። ኢትዮጵያዊ በሽተኛ «ጨጓራዬ» ሲል ሐኪሙ ብዙ ነገር ይረዳል። ወገቡን ያመመው «ኩላሊቴን» ይላል፤ ትኩሳት ይዞት ከንፈሩ ያበጠው «ምች መታኝ» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሽለታል። እነዚህን ቃላት ይዞ ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው ለሐኪሙ ቢተረጉማቸው ኩላሊቱ ተመርምሮ ምንም የለበትም ተብሎ ይሸኛል፤ የታመመው ግን ወገቡ ነበር። ጣትን አድርጎ እዚህ ጋ ማለት ከትርጉም ይሻላል።

ከዚህ ላይ ከኢዲዶ ወጥቶ ወደ ሰው አገር የሄደውን ማንሣት ተገቢ ነው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት ከሆኑት መካከል በውጭ አገር የሚሠሩ፣ ለትምህርት የሄዱ፣ ልጆቻቸውን የላኩም አሉ። የጌዴኦው ልጅ በኖርዌይ ወይም በእንግሊዝ ሲታመም፣ በኢዲዶ የታመመው ባለሙያ የሠራውን ስሕተት ተገልብጦ ይሠራዋል። ጧት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ካርድ ለማውጣት። ካርድ የሚባል ነገር የለም። ድንገተኛ ካልሆነ ወደ ቤተሰብ ሐኪምህ ሂድ ይባላል። የቤተሰብ ሐኪም አለመያዙን የሚያውቀው ያን ዕለት ነው። በእንግሊዝ አገር ስፔሻሊስት ለማየት በአብዛኛው የሚቻለው በአካባቢው የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝግቦ፣ በእሱ ሲላክ ነው። በኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ በስሙ የተመደበ ሐኪም እንዲኖረው ተደርጓል፤ ሐኪሙን በዓመት ሁለት ጊዜ መቀየር ይችላል። ስለዚህ ለሥራ ወይም ለትምህርት የሄደ ሰው ሐኪም መመዝገብ ያለበት በደህናው ቀን፣ የቤት ኪራዩን ውል በፈረመ ሳምንት ነው። በአገራችን ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «ስሜን መዝግቡልኝ» ቢል ያሳዝናል፤ እዚያ ግን ሥርዓቱ ነው።

ስሙም እዚያ ተራ ያዞርበታል። በተጠባባቂዎች ክፍል ውስጥ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ አባቱ የተጠራ መስሎት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተራው ያልፋል። በመዝገቡ ላይ የአባቱ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ መግባቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ባልና ሚስትም በተለያየ የቤተሰብ ስም ስለሚመዘገቡ፣ ሚስት የታመመ ባሏን ሁኔታ በስልክ ስትጠይቅ «ምኑ ነሽ?» ትባላለች።

ከሁሉ የከፋው ግን የትኩሳቱ ነገር ነው። ወባ በሰውነት ውስጥ ሆኖ ድንበር ይሻገራል። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ከዲላ የሄደው ተማሪ በየካቲት በረዶ መካከል ትኩሳት ይዞት ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ሐኪሙ ጉንፋን ነው ሊለው ይችላል፤ በዚያ ወቅት ግማሹ ከተማ ጉንፋን ይዞታል። ወደ አገሩ የተመለሰው የማሽን ባለሙያም እንዲሁ። «ከኢትዮጵያ ከቆላ አገር ነው የመጣሁት፤ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ በሽተኛው ራሱ ሊናገረው የሚገባ ነው።

ስለ ውጭ አገር ሲነገር ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሄዱትን እኅቶች ዘንግቶ ማለፍ አይገባም። በውጭ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሲባል ብዙ ጊዜ መሐንዲስና ዶክተር ይታሰባል እንጂ እነሱ አይታሰቡም። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያስፈልገው መታወቂያ በሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። ለእነሱ ጥያቄው የትኛው ሐኪም ይሻላል አይደለም፤ ማን ከቤት ያስወጣኛል ነው።

ወደ መሐንዲሱ ሥራ ለመመለስ፣ ይህ ሁሉ በውል ሰነዶች ውስጥ ያልታሰበበት አይደለም። የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ፊዲክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የግንባታ ውል፣ በአንቀጽ 6.7፣ ተቋራጩ ከአካባቢው የጤና ባለ ሥልጣኖች ጋር በመተባበር የሕክምና ሠራተኞች፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ፣ የበሽተኛ ማረፊያ ክፍልና የአምቡላንስ አገልግሎት በሥራው ቦታና በሠራተኞች መኖሪያ ሁልጊዜ እንዲገኙ ማድረግ አለበት ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሕክምናውንና የመድኃኒቱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። ጽሑፉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ በብዙ የሥራ ቦታዎች የሚገኘው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቁልፉ የጠፋ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የኮንክሪቱን ኩብ ቆጥሮ ያስጨንቃል፤ የአንቀጽ 6.7ን ነገር ግን ክፍያ ሲጸድቅ በጅምላ ያልፈዋል። «ከአካባቢው የጤና ባለ ሥልጣኖች ጋር በመተባበር» የሚለው ሐረግ ደግሞ ጨርሶ አይነበብም ማለት ይቻላል። ትርጉሙ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጣቢያው ኃላፊ ወደ ይርጋ ጨፌ ወርዶ ከሆስፒታሉ ኃላፊ ጋር ይተዋወቅ፣ ማታ ተረኛው ማን እንደሚሆንና በየትኛው በር እንደሚገባ ይወቅ ማለት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የገንዘቡም ነገር እዚሁ ላይ መታየት አለበት። የውጭ አገሩ ሰው የጉዞ መድን አለው፤ መድኑ ግን በአብዛኛው የሚከፍለው በኋላ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። በካርድ ክፍሉ፣ በላቦራቶሪውና በመድኃኒት ቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው ጊዜ ይፈለጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ለአካባቢው አባወራዎች እንጂ ለመንገደኛ የተቋቋመ አይደለም። በሽተኛውን በአውሮፕላን ለመውሰድ የሚስማማ የመድን ድርጅትም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠይቀው ያከመውን ሐኪም የጽሑፍ ሪፖርት ነው። ይህም ማለት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ለሚፈልገው ሰው ራሱ ፈጣኑ መንገድ የሚጀምረው ከቅርቡ ሆስፒታል ነው።

እንግዲህ በኢዲዶም ይሁን በሌላ ሩቅ የሥራ ቦታ፣ እንግዳ ባለሙያ ከመድረሱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ተጽፎ ከመኪናው ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ስሙ በካርዱ ላይ በሚጻፍበት ቅደም ተከተል፣ የደም ዓይነቱ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት ካለ በፋብሪካው ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ያደረባቸው ቦታዎች፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ 907፣ የሆስፒታሉ ተረኛ ስልክ፣ ለመጀመሪያው ክፍያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ። ወረቀቱ በሾፌሩ ኪስ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት አለ። ትኩሳቱ የያዘው ሾፌሩን ራሱን ሊሆን ይችላል። በዚያ ሌሊት መኪናውን የሚነዳው ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ በአንቀጽ 6.7 ውስጥ አልተጻፈምና እሱንም እዚያው ወረቀት ላይ መጨመር ነው።